አዋቂ የማያየው ጭራቅ

ባለፈው ሳምንት ከአሰላ አንዲት አያት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ደውለው ነበር። ጥያቄያቸው አጭር ነው፦ «ይሄ ቀይ ፊኛ የሚይዘው ሰውዬ ምንድነው? ልጄን ምን አደረገብኝ?» ልጄ የሚሉት የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ነው። ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ በአንዱ ስልክ ፊልም ካየ ወዲህ ማታ ማታ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም ብሏል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ አስፋልቱ ዳር ያለውን ዲች ሸሽቶ መሀል መንገድ ይገባል። አያትየዋ ፊልሙን አላዩትም። የልጁን ዓይን ግን አይተዋል፤ ለመደወል ያበቃቸውም እሱ ነው።

ፊኛው ቀይ፣ ሰውዬው ፊቱን ነጭ የተቀባ፣ ቦታውም የጎርፍ መውረጃ ከሆነ ፊልሙ «ኢት» ነው። ባማርኛ «ያ ነገር» እንደ ማለት ነው፤ ምንነቱ ስለማይታወቅ ስም አልወጣለትም። መነሻው አሜሪካዊው ደራሲ ስቴፈን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ከ1,100 ገጽ በላይ የሆነ ልቦለድ ነው። በ1990 በቴሌቪዥን በሁለት ክፍል ተሠርቶ ነበር። አሁን በየስልኩ የሚዞረው ግን አርጀንቲናዊው አንዲ ሙስኪየቲ ያዘጋጀው የ2017 ፊልም ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል፤ ለአስፈሪ ፊልም ይህ ብርቅ ገቢ ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። የሩፋኤል ዕለት መሆኑ ነው፤ እኛ ዘንድ ልጆች ዝናብ እየጠበቁ ወጥተው የሚጠመቁበት ቀን። ፊልሙም የሚጀምረው ዝናብ ውስጥ በሚጫወት ልጅ ነው። ግጥምጥሞሹን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታሪኩን ከነመጨረሻው ልንገራችሁ። ለእናንተ ጣዕሙ ቢቀንስም ለልጁ ስትሉ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ደሪ በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ፣ በ1988፣ ቢል የሚባል ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ ታሞ ተኝቷል። ለታናሽ ወንድሙ ለጆርጂ የወረቀት ጀልባ ይሠራለታል። ጆርጂ ቢጫ የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ ጀልባዋን በጎርፉ ላይ እየነዳ ሲሮጥ ጀልባዋ የመንገድ ዳር ቱቦ ውስጥ ትገባበታለች። ከቱቦው ውስጥ ፔኒዋይዝ የሚባል የሰርከስ ቀልደኛ ብቅ ብሎ በጣፋጭ አንደበት ያናግረዋል። ጆርጂ ወደ ቤቱ አይመለስም። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቢልና ስድስት ጓደኞቹ ነገሩን ይደርሱበታል፦ ፍጡሩ በየ27 ዓመቱ እየነቃ የከተማዋን ልጆች ይበላል፤ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የሚመጣውም ልጁ በሚፈራው ነገር መልክ ነው፤ ምግቡ ፍርሃታቸው ነው። መጨረሻ ላይ ሰባቱ አብረው ሆነው አንፈራህም ሲሉት ተራው የእሱ ይሆናል። እሱ ራሱ ፈርቶ፣ እየፈራረሰ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል።

ስለ ጥሩው ጎን ልጀምር። የፊልሙ ጉልበት ያለው ልጆቹ ላይ ነው። ሲፎካከሩ፣ ሲሰዳደቡ፣ ብስክሌት ሲጋልቡ፣ ከገደል ጫፍ ወደ ውሃ ማን ቀድሞ ይዝለል ብለው ሲገፋፉ የእውነት የአንድ ሰፈር ልጆች ይመስላሉ። ወንዶቹ እያንገራገሩ ሳለ ቤቨርሊ የምትባለው ልጅ ከኋላ ሮጣ መጥታ አልፋቸው ትዘላለች፤ የአምስቱም ፊት ላይ የሚታየው እፍረትና አድናቆት አንድ ገጽ ንግግር ይተካል። ቀልደኛው ባይኖር እንኳ የእነዚህን ልጆች የእረፍት ጊዜ ቁጭ ብዬ ባየሁት ነበር።

ቀልደኛውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ተዋናዩ ቢል ስካርስጎርድ ስዊድናዊ ነው። የአሰላ አዛውንት ስዊድናዊ ሲባል ትዝ የሚላቸው በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ካዱ የሚሉት ነው፤ የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ወተቷ የማያልቅ የውጭ ዝርያ ላም። ይኼኛው ስዊድናዊ ሌላ ነገር ይዞ መጥቷል። አንዱ ዓይኑ ሲያያችሁ ሌላው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ይህን በኮምፒውተር ሳይሆን በገዛ ዓይኑ ነው የሚያደርገው። የቱቦው ትዕይንት ላይ ጆርጂን ሲያስቅ፣ ከዚያ ለአፍታ ዝም ብሎ ምራቁ ሲንጠባጠብ፣ ምንም ድምፅ ሳይጨመር ጀርባችሁ ይቀዘቅዛል።

የእኛን ዕድሜ ሰው የሚነካው ግን ሌላ ነው። ፍጡሩን የሚያዩት ልጆች ብቻ ናቸው። ቤቨርሊ መታጠቢያ ቤት ሳለች ከእጅ መታጠቢያው ቱቦ ደም ፈንድቶ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ያለብሰዋል። ስትጮህ አባቷ ይገባል። በደም የራሰውን ግድግዳ በእጁ ይደገፋል፤ አንዲት ጠብታ አይታየውም። ሌሊቱን ከዚያ ክፍል ጋር የምታሳልፈው ብቻዋን ነው። በኋላ ጓደኞቿን ትጠራለች። እነሱ ይታያቸዋል። ምንም ሳይሉ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ያጥባሉ። በዚህ ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ጭራቅ የሌለበት፣ ልጆች ወለል የሚወለውሉበት።

ሌላም አለ። ቤን የሚባለውን ወፍራም ልጅ ጉልቤዎቹ ድልድይ ላይ ይዘው ሲደበድቡት ባልና ሚስት የሚመስሉ ሰዎች በመኪና ያልፋሉ። ያዩታል። ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። መኪናው አይቆምም፤ ሲርቅ ከኋላ ወንበሩ ቀይ ፊኛ ብቅ ይላል። ዳይሬክተሩ ሊነግረን የፈለገው በቂ ግልጽ ነው፦ ጭራቁ እዚህች ከተማ ውስጥ የደላው አዋቂዎቿ አንገታቸውን ማዞር ስለለመዱ ነው። ኤዲ የሚባለው ልጅ እናት ደግሞ በተቃራኒው ዓይኗን ከልጇ ላይ አትነቅልም። በሽተኛ ነህ እያለች መድኃኒት ታስውጠዋለች፤ መድኃኒቱ ባዶ ክኒን መሆኑን ልጁ ከሰው አፍ ይሰማል። ይህችን እናት ሳይ የሳቅሁበትም የደነገጥሁበትም ጊዜ አለ። እኛ ዘንድም ልጁን ነፋስ እንዳይመታው ብላ በር ዘግታ የምታሳድግ እናት ሞልታለች።

ማይክ የሚባለው ልጅ ወላጆቹን በእሳት ቃጠሎ አጥቶ ከአያቱ ጋር ይኖራል፤ ሥራቸው በግ ማረድ ነው። ልጁ በጉን መግደል አቅቶት እጁ ሲንቀጠቀጥ አያትየው ይቆጣሉ። ካጥሩ ውጭ ቆመህ መምታት ካልቻልክ ውስጥ ከበጎቹ ጋር ነህ ይሉታል ባጭሩ። አርሲ ውስጥ በግ ሲታረድ ያላየ ልጅ የለም፤ ትዕይንቱ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። የሽማግሌውም አነጋገር እንግዳ አይደለም። ልጁን ይወዱታል፤ ዓለም ጨካኝ ስለሆነች ያጠነክሩት መስሏቸዋል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» የምንለው እኮ ይኼው ነው። ልጁ ግን ከዚያ ንግግር በኋላ ይበልጥ እየፈራ ነው የሚሄደው፤ የሚፈራበትን ነገር ለማን እንደሚነግር ደግሞ አያውቅም።

አሁን ወደ ድክመቱ። እንዲህ ያለ ቁም ነገር በእጁ ያለ ፊልም በራሱ አለመተማመኑ ያናድዳል። ጸጥታ፣ ጥበቃ፣ ከዚያ ድንገት ጩኸትና የሚሮጥ ፊት። መጀመሪያ ሲያደርገው ትደነግጣላችሁ። አራተኛው ላይ ትከሻችሁ ቀድሞ ያውቀዋል። የፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ከሞላ ጎደል ተራ መጥራት ነው፤ የዚህ ልጅ ፍርሃት፣ ከዚያ የዚያኛው፣ ከዚያ የሌላው። ከሥዕል ውስጥ የምትወጣው ፊቷ የተጣመመ ሴት በኮምፒውተር የተሠራች መሆኗ ያስታውቃል። ጋራዥ ውስጥ ልጆቹ ፎቶ ግድግዳ ላይ እያበሩ ሲያዩም እንዲሁ ነው፤ ፎቶዎቹ በራሳቸው እየተቀያየሩ የቢል እናት ፊት ቀስ በቀስ ወደ ቀልደኛው ሲለወጥ እጅግ ያስፈራል፤ ከዚያ ግዙፍ ሆኖ ከግድግዳው ሲወጣ ፍርሃቱ በኖ ይጠፋል። ተረት ነጋሪ ሁሉ የሚያውቀውን ዘንግተውታል፤ ጭራቁ በር ላይ ቆሞ ጥፍሩ ሲሰማ ነው የሚያስፈራው፣ ገብቶ ከተቀመጠማ ቡና ጠጣ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

ማይክም ተበድሏል። ከሰባቱ ጥቁር ልጅ እሱ ብቻ ነው። በልቦለዱ ውስጥ የከተማዋን ያለፈ ታሪክ የሚያውቀውና የሚያቆየው እሱ ነበር፤ ፊልሙ ያንን ድርሻ ለቤን ሰጥቶ ማይክን ከበጎቹ ጋር ተወው። ቤቨርሊም ከሁሉ ደፋሯ ሆና ሳለ መጨረሻው ሲደርስ ተጠልፋ፣ አየር ላይ ተንጠልጥላ፣ በልጅ መሳም የምትነቃ ልዕልት ያደርጓታል። ገደሉን ቀድማ የዘለለችውን ልጅ አስታውሱና ፍረዱ።

ከሁሉ የከፋው ግን ብርታቱ ራሱ ወደ ድክመት የሚለወጥበት ቦታ ነው። በዚያች ከተማ አንድ የሚያዳምጥ አዋቂ የለም። አንድም። ለእኛ ይህ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ለ11 ዓመት ልጅ ግን ምን ይለዋል? ለእናትህ አትንገር፣ አይገባትም ይለዋል። ለአያትህ አትንገር ይለዋል። የአሰላው ልጅ ለምን እንደፈራ ለአያቱ የነገራቸው ከአምስት ቀን በኋላ ነው፤ ያም ተለምኖ። ፊልሙ አንድ ጎረቤት፣ አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት፣ በር ላይ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥ አንድ ጡረተኛ ሰጥቶ ልጁን እንዲሰማው ቢያደርግ ፍርሃቱ አይቀንስም ነበር። እንዲያውም ያ ሰው ምን ይሆን ይሆን እያልን ይበልጥ እንጨነቅ ነበር።

«ኢት» ለልጆች የተሠራ ፊልም አይደለም። በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያየውም። ደም አለበት፣ ስድብ አለበት፣ የቤቨርሊ አባት ልጁን የሚያይበትና የሚነካበት መንገድ ደግሞ ከጭራቁ በላይ የሚያስጠላ ነው። እኛ ዘንድ በር ላይ የሚጠብቅ የለም። ድሮ ቪዲዮ ቤት ሳንቲም ከፍሎ የሚገባ ልጅ ቢያንስ የሰፈር ሰው ሲገባ ያየው ነበር። አሁን በቴሌግራም ይወርዳል፣ ፊልም ከሚጭን ሱቅ በፍላሽ ይመጣል፣ አንድ ስልክ ላይ አምስት ራስ ይደፋል። ብዙ ልጆች የውጭ ፊልም የሚያዩት በትርጉም መሆኑም ሌላ ነገር ያመጣል። አንድ ተራኪ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ ወክሎ ሲናገር የልጆቹ ጨዋታና ቀልድ፣ ማለትም የፊልሙ ምርጥ ክፍል፣ ይጠፋል። ጩኸቱ ግን ትርጉም አያስፈልገውም፤ እንዳለ ይደርሳል። በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚጮኸው።

አያትየዋን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ ልጁ እስከ መጨረሻው አይቶታል? ጠይቀውት መልሰው ደወሉ። አላየውም። የስልኩ ባለቤት ቤት ተጠርቶ ሄደ። ልጁ የተረፈው ከቱቦው፣ ከጆርጂና ከጥቂት ጩኸቶች ጋር ነው። ጭራቁ ሲሸነፍ አላየም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚገጥም ነገር ነው፤ የቱቦዋ ትዕይንት ብቻዋን ተቆርጣ ስትዞር እኔም አይቻለሁ። እንዲህ ያየ ልጅ ግማሽ ተረት ነው የያዘው፤ መጥፎውን ግማሽ።

አስፈሪ ተረት ለኢትዮጵያ ልጅ አዲስ አይደለም። እኔም ጭላሎን እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ አጥሩን ሲሸፍነው ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮሃል፣ እኛ እሳት ዳር ቆሎ እየቆረጠምን ጭራቅ ሰው ሲበላ እንሰማለን። ጎረቤቶቻችን ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ቡልጉ ይሉታል፤ ሰው በላው ያው ነው። አያቴ በተረታቸው ሰው ያስበላሉ፣ ልጅ ያስጠፋሉ፣ ከፊልሙ አያንሱም። ልዩነቱ ተረቱን የሚናገሩት እያዩን መሆኑ ነው። ትንሿ እህቴ ወደ ጋቢያቸው ሥር ስትገባ ጭራቁ ወዲያው አንድ እግሩ ሸንካፋ ይሆናል። እኛ ትልልቆቹ ስናፌዝ ደግሞ ሁለት ራስ ያበቅላል። አያ ጅቦ መቼም ቢሆን ሞኝ ነው፤ መታለሉ አይቀርም። ተረቱ ሳያልቅም ማንም አይተኛም፤ ተረቱን መልሶ አፍን በዳቦ የማበስ ልማድ ያለው ለዚህ ይመስለኛል፣ በሩ መዘጋቱን ለልጅ ለማስታወቅ። «ኢት» ከመውጣቱ አምስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2009፣ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩትን አባባ ተስፋዬ ሳህሉን አጥተናል። እሳቸው ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው እንኳ ልጆቹን የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ስልክ አያይም፤ ልጁ ዓይኑን ቢጨፍንም ፊልሙ ይቀጥላል።

ስለዚህ ለአያትየዋ ያልኋቸው ይህን ነው። መጀመሪያ ምን እንዳየ ያውጣጡት፤ ሲናገር አይሳቁበት፣ «ምንም የለም» ብለውም አይዝጉበት። ከዚያ መጨረሻውን ይንገሩት፤ ሰባቱ ልጆች አብረው ሆነው እንዳሸነፉት፣ ፔኒዋይዝ ፈርቶ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ። በራስዎ አነጋገር ይንገሩት፤ ቢፈልጉ እግሩን ሸንካፋ ያድርጉት። ለጥቂት ምሽት ባትሪ ይዘው አብረውት እስከ ሽንት ቤቱ ይሂዱ፣ ቀጥሎ ግማሽ መንገድ ላይ ይቁሙለት፣ ቀጥሎ በር ላይ። ቀን ላይ ያን ዲች ቆመው አብረው ይዩት፤ ውስጡ ያለው ጭቃና የውሃ ፕላስቲክ ነው። እንቅልፍ እምቢ ካለው ደግሞ «ዝም በል ጅቡ መጣ» የምትለዋን የቤታችንን አሮጌ መድኃኒት ይተዉ፤ ልጁ አንድ ጭራቅ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። ከፊልም የመጣ ፍርሃት ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። ሳምንታት አልፈውም ልጁ ካልተኛ፣ ከአንድ የተወሰነ ሰው ወይም ቤት ከሸሸ፣ ስለ ፔኒዋይዝ ማውራቱን ትታችሁ ስለ ሰዎቹ ጠይቁት። ቤቨርሊን የሚያስፈራት ነገር ከቱቦው ይልቅ ኮሪደሩ ላይ ይቆም ነበር፤ በደሪ ውስጥ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

15 እና 16 ዓመት ለደረሰ ልጅ መከልከሉ የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ በጓደኛው ስልክ ያየዋል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በትልቁ ቴሌቪዥን፣ የጆሮ ማዳመጫ ሳይኖር፣ ከቻላችሁ በዋናው ቋንቋ አብራችሁ እዩት። የመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንት ሲያልቅ አቁሙትና አባትየው ለምን ደሙ አልታየውም ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እናንተ አትስጡ። በ2019 ክፍል ሁለት ወጥቷል፤ ልጆቹ 27 ዓመት አልፏቸው አዋቂ ሆነው ወደ ደሪ ይመለሳሉ። 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። ጭራቁ በጣም ገዝፏል፣ ልጆቹ ብቅ የሚሉት በትዝታ ብቻ ነው፣ ያ ሁሉ የሰፈር ጨዋታም አብሯቸው ጠፍቷል። እሱን ለማየት ከወሰናችሁ መሀሉ ላይ ቡና ለማፍላት የሚነሳ ሰው ብዙ የሚያመልጠው ነገር የለም።